ጥቅል ጎመኔ በ77ኛ ቀኑም ልብ አልቋጠረም፤ ዕድገቱን በምን ልለካው?

የቦሩ ሜዳዋ (ጥር 12)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቦሩ ሜዳ በሚገኘው ጓሮዬ አንድ መደብ ጥቅል ጎመን አለኝ። ዘሩ ኮፐንሃገን ማርኬት የሚባለው ነው። መስከረም 15 ቀን ችግኙን ያፈላው ኮምቦልቻ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሲሆን፣ ጥቅምት 25 ቀን ተካፍለን እርሱ በቦርከና ዳር ባለው ማሳው፣ እኔም እዚህ ደጋው ላይ በዚያው ዕለት ተከልን። የዘሩ ማሸጊያ «ችግኙ ከተዛመተ (ከመደቡ ተነሥቶ ማሳ ላይ ከተተከለ) በኋላ በ75 ቀን ገደማ ይደርሳል» ይላል። ወንድሜ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እየቆረጠ ገበያ ያወጣል፤ የእኔ ግን ዛሬ 77ኛ ቀኑን ይዞ ቅጠሉን እንደዘረጋ ተቀምጧል። ይባስ ብሎ ስድስቱ ቡቃያዎች አገዳ አውጥተው ጫፋቸው ላይ እምቡጥ ይዘዋል። ዘሩ አንድ፣ የችግኝ መደቡ አንድ፣ የተከላው ቀን አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? ነቅዬ በምትኩ ሽንኩርት ልትከልበት ወይስ ልታገሥ?

ቦርከና መስኖ (ጥር 12)

እህቴ፣ እኔም ኮምቦልቻ አካባቢ በመስኖ ጎመን የማለማ ሰው ነኝ። ይህ ዝርያ እኛ ዘንድ በ70 ቀን ይቆረጣል፤ ቢዘገይ በ75። በዚህ ቀን ያልጠቀለለ ጎመን ከእንግዲህ ይጠቀልላል የሚል እምነት የለኝም፤ በተለይ አገዳ ማውጣት ከጀመረ ጉዳዩ አብቅቷል ማለት ነው። ወይ ማዳበሪያ አጥቷል፣ ወይ ውኃ ተቋርጦበታል። መሬቱን ይዞ ከሚቀመጥ ነቅለሽ ሽንኩርቱን ብትተኪ ይሻላል እላለሁ።

ዕፅዋት ወዳጅ (ጥር 12)

እባክዎ ገና አይንቀሉት። በአትክልት ሙያ የተሰማራሁ በመሆኔ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይደርሰኛል፤ ብዙውን ጊዜም ስሕተቱ ከጎመኑ ሳይሆን ከአቆጣጠሩ ነው። ላም ደጋም ትኑር ቆላ የመውለጃዋን ወር አትስትም፤ ጎመን ግን የሚቆጥረው ቀንን ሳይሆን ያገኘውን ሙቀት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቦሩ ሜዳም ከደሴ ጋር ከደጋው ይመደባል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በወንድምዎና በእርስዎ ማሳ መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው።

አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጎመን ከ5 ዲግሪ በታች ዕድገቱ ከሞላ ጎደል ስለሚቆም፣ የሚጠቅመው ከዚያ በላይ ያለው ሙቀት ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል የኮምቦልቻው አማካይ 19፣ የእርስዎ 15 ዲግሪ ነው ብንል፣ የወንድምዎ ጎመን በቀን 14 ዲግሪ ሲያጠራቅም የእርስዎ የሚያጠራቅመው 10 ብቻ ነው። የእርሱ በ70 ቀን ያገኘውን 980 የእርስዎ የሚሞላው በ98 ቀን ይሆናል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ ያለው 75 ቀን ውሸት አይደለም፤ የተቆጠረው ግን በእርስዎ ጓሮ አይደለም።

ታዲያ በምን ይለካ ላሉት፣ በቅጠል ነው። ጎመን ከአፈር ሲወጣ ሁለት ልብ የሚመስሉ የዘር ቅጠሎች ይዞ ይወጣል፤ እነዚህ አይቆጠሩም። ከዚያ በኋላ የሚመጡት እውነተኛ ቅጠሎች ናቸው። እስከ አምስት ቅጠል ያለው ችግኝ ይባላል፤ ለማዛመትም የሚመቸው አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲይዝ ነው። ቀጥሎ ከስድስት እስከ ስምንት፣ ከዚያም ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ቅጠል ያለው ጊዜ ይመጣል፤ በዚህን ጊዜ ከላይ ሆነው ቢመለከቱ ግንዱና የቅጠሎቹ ሥረ መሠረት በግልጽ ይታያል። ከ13 እስከ 19 ቅጠል ሲደርስ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ዘንጋቸው እያጠረ፣ ገላቸው እየሰፋ ይሄዳል። ከ20 እስከ 26 ባለው ጊዜ መካከለኞቹ ቅጠሎች እንደ ጽዋ ቀጥ ብለው ይቆሙና ልቡን ከዓይን ይሸፍኑታል። የሚጠቀልለው ከዚህ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ ከ8 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ልል ቋጠሮ ይፈጥራል፣ ቀጥሎ ከውስጥ እየሞላ ይሰፋል፣ በመጨረሻም በእጅ ሲጫኑት የማይሰረጎድ ጠንካራ ራስ ይሆናል። ከዘር ቅጠሉ ጀምሮ ሲቆጠር እንግዲህ ዘጠኝ ደረጃ ነው።

አሁን አሥር ቡቃያዎችን ሳይመርጡ ይያዙና ቅጠላቸውን ቆጥረው ይንገሩን። የረገፉና የተቀነጠሱ ቅጠሎች በግንዱ ላይ ጠባሳ ስለሚተዉ እነርሱንም ይቁጠሩ፤ በመካከል ያሉትን ከአውራ ጣት ጥፍር የሚያንሱትን ግን ይተዋቸው።

ወረኢሉ (ጥር 13)

ሁሉም ስለ ጥቅሉ ሲናገር ስለ ስድስቱ ባለ አገዳዎች የጠየቀ የለም። ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጎመን ዘር የዘራሁ ሰው ነኝ፤ ጥቅል ጎመንም በዚህ ደጋ ሳየው ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ጥቅል ጎመን እንዲህ በቀላሉ አገዳ አያወጣም። እስቲ የስድስቱን ቅጠል ከሌሎቹ ጋር አስተያዪው። ቅጠሉ ሳሳ ያለ፣ ዳር ዳሩ የተበጣ፣ ዘንጉ ረጅም ሆኖ በዘንጉ ላይ ትንንሽ ጆሮ የመሰሉ ቅጠሎች የተንጠለጠሉበት ከሆነ፣ ያ የአበሻ ጎመን ነው። የጥቅሉ ወፍራም፣ ክብ፣ ውኃ ስትረጪበት እንደ ዶቃ እየተንከባለለ የሚወርድበት ነው። ከየት እንደገባ እኔ አላውቅም፤ አንቺ ግን ሳታውቂው አትቀሪም።

ዕፅዋት ወዳጅ (ጥር 13)

አባታችን ትክክል ብለዋል፤ እኔም ልጠይቅ ሲገባኝ ዘነጋሁት። ጥቅል ጎመን ወደ አበባ የሚሄደው ለአቅመ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ማለትም ግንዱ እርሳስ ያህል ከወፈረ ወዲህ፣ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለብዙ ሳምንታት ሲያገኘው ነው። በእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ስለሆነ ይህ እምብዛም አይሟላም። የጥቅል ጎመን ዘር በአብዛኛው ከውጭ የሚገዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የአበሻ ጎመን ግን ቅዝቃዜ ሳይጠብቅ አገዳ ያወጣል።

የቦሩ ሜዳዋ (ጥር 14)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ቆጥሬ መጥቻለሁ፤ ጥቂት የሚያሳፍር ነገርም አግኝቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስድስቱ። ከተከልን በሳምንቱ ቆራጭ ትል ስድስት ችግኞችን ከአፈሩ ጋር እኩል አድርጎ ቆርጦብኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ከፍግ ክምሩ አጠገብ በራሳቸው የበቀሉ ትንንሽ ቡቃያዎች አይቼ፣ ሁለት ልብ መሳይ ቅጠል ብቻ ስለነበራቸው ከጎመን ችግኞቼ ለይቼ ማየት አልቻልኩም፤ አንሥቼ በባዶዎቹ ጉድጓዶች ተከልኳቸው። ዛሬ ሄጄ ሳይ ባለ አገዳዎቹ የቆሙት በእነዚያው ስድስት ቦታዎች ነው፤ ቅጠላቸውም ጋሼ ወረኢሉ እንደገለጹት ነው። እናቴ ገና ድሮ «ይሄ የአበሻ ጎመን ነው» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።

ሁለተኛ ስለ ቅጠሉ። የአሥሩ አማካይ 16 ነው። ይሁን እንጂ እናቴ ከኅዳር ጀምሮ የታች የታቹን ቅጠል እየቀነጠሰች ለወጥ ታውል ነበርና በየግንዱ ላይ ከአምስት እስከ ስድስት ጠባሳ ቆጥሬአለሁ። ይህ ከተደመረ 21 ወይም 22 ይሆናል። መካከለኞቹ ቅጠሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ልቡም አይታይም።

ዕፅዋት ወዳጅ (ጥር 14)

እንግዲያው ጎመንዎ ጤናማ ነው፤ ያለበትም ደረጃ ጽዋ የሚሠራበት ነው። ከመጠቅለሉ በፊት ያለው የመጨረሻው በር ላይ ቆሟል።

በዘር ቅጠል ደረጃ መለየት ያቃትዎ ደግሞ አያሳፍርም፤ ማንም አይለያቸውም። ጥቅል ጎመን፣ የአበሻ ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊና ሰናፍጭ ሁሉም ሲወጡ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ማንነታቸው መገለጥ የሚጀምረው ከእውነተኛው ቅጠል ወዲህ ነው። ዝምድናቸውም የቅርብ ነው። በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃፓን ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ናጋሃሩ ዩ እንዳሳየው፣ የአበሻ ጎመን የተገኘው ከጥቁር ሰናፍጭና ጥቅል ጎመን ከሚገኝበት ወገን መዳቀል ነው፤ ሰናፍጩ 8 ጥንድ፣ የጥቅሉ ወገን 9 ጥንድ ክሮሞዞም ስላላቸው የአበሻ ጎመን 17 ጥንድ ይዟል። ስለዚህ በመደብዎ የተቀላቀሉት ባዕዶች አይደሉም፤ የአክስት ልጆች ናቸው።

ለእናትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ የሚከተለውን ደግሞ በትሕትና ይንገሩልኝ። የአበሻ ጎመን ሲቀነጠስ ሌላ ቅጠል ይተካል፤ የሚበላውም ቅጠሉ ስለሆነ መቀንጠሱ አይጎዳውም። ጥቅል ጎመን ግን ራሱን የሚሞላው ውጭ የተዘረጉት ቅጠሎች በሚያዘጋጁት ምግብ ነው፤ እነርሱን መቀንጠስ ከማጀቱ እህል እንደ መቀነስ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የቢጫውንና የታመመውን ብቻ ያንሡ።

ከአሁን እስከ መሙላት ያለው ጊዜ ጎመን ከሁሉ አብልጦ ውኃ የሚፈልግበት ነው። አብዛኛው ሥሩ ከላይ ባለው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስለሚገኝ፣ አልፎ አልፎ አጥለቅልቆ ከማጠጣት ይልቅ ሳይደርቅ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ይሻላል። ሁለተኛውን ዙር ዩሪያ ገና ካላደረጉ አሁን ከግንዱ ራቅ አድርገው ያድርጉና ያጠጡት። ኩትኳቶው ጥልቅ አይሁን፤ ሥሩን ይቆርጣል።

ስለ ተባይም ደረጃውን ማወቅ ይጠቅማል። ከጽዋው ደረጃ በፊት ትል ጥቂት ቅጠል ቢበላ ጎመኑ ይተካዋል፤ መካከለኛውን የዕድገት ጫፍ ከበላው ግን ወይ ጭራሽ አይጠቀልልም፣ ወይ ብዙ ትንንሽ ራስ ያወጣል። ከዛሬ ወዲህ በጽዋው ውስጥ የገባ ትል ወይም አመድማው የጎመን ክሽክሽ (የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ቅጠሉ ሲከደን አብሮ ይከደንበታል፤ መድኃኒትም አይደርሰውም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጽዋውን ከፈት አድርገው ይመልከቱ። ክሽክሹ ጥቂት ከሆነ የሳሙና ውኃ በቅጠሉ ጀርባ ላይ መርጨት ይበቃል።

ሐይቅ ዳር (ጥር 15)

የቦሩ ሜዳዋ፣ አብሽሪ፤ የእኔ ከአንቺ ይብሳል። ሐይቅ ላይ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ እያለማሁ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። አምና የአበባ ጎመኑ ችግኝ መሬቱ ሳይታረስ ዘግይቶብኝ በመደቡ ላይ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አዛመትኩት። ቅጠሉ በወጉ ሳይዘረጋ የጣት አንጓ የምታህል አበባ ቋጠረና በዚያው ቀረ። አንድም የሚሸጥ ሳላገኝ ለበግ ሰጠሁት። የዘር ነጋዴውን ስወቅስ ከረምኩ፤ አሁን ይህን ሳነብ ጥፋቱ ከእኔ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እየተጠራጠርኩ ነው።

ዕፅዋት ወዳጅ (ጥር 15)

የገመቱት ትክክል ይመስለኛል። አበባ ጎመን ከጥቅል ጎመን ይልቅ ቂመኛ ነው። በመደቡ ላይ ያረጀ፣ የተራበ ወይም የተጠማ ችግኝ «ዕድሜዬ አልቋል» ብሎ ሰውነቱን ሳይገነባ ወደ አበባ ይቸኩላል፤ ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ ቢያፈሱለት የተቋጠረው አያድግም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያዛምቱት፤ መሬቱ ካልደረሰ ችግኙን ከማቆየት አዲስ ማፍላት ይሻላል። ሲሳካልዎ ደግሞ፣ አበባው የእንቁላል ያህል ሆኖ ሲታይ የላይ ቅጠሎቹን ሰብስበው በላዩ ላይ ይሰሩለት፤ ፀሐይ ካገኘው ቢጫ ይሆናል። ብሮኮሊን በተመለከተ እምቡጦቹ ሳይፈነዱና ቢጫ ሳይታይባቸው የመካከሉን ራስ ይቁረጡ፤ ከዚያ ከየጎኑ ትንንሽ ራሶች ያወጣልዎታል።

ቦርከና መስኖ (ጥር 16)

ነቅለሽ ጣይ ማለቴን አንሥቻለሁ። ቆላማው መሬት ላይ ቆሜ ለደጋው ፈረድኩ። ነገር ግን እኔም የራሴ ጭንቀት አለኝ። ዋጋው እስኪሻል ብዬ የደረሰውን ጎመን ሳልቆርጥ አቆይቼ፣ ተራዬ ደርሶ ከትናንት በስቲያ ውኃ ብለቅበት በነጋታው ሃያ ያህሉ እንደ ዳቦ ተሰንጥቀው አገኘኋቸው። ቀሪውን በምን ላድነው?

ዕፅዋት ወዳጅ (ጥር 16)

የደረሰ ጎመን የውጭ ቅጠሉ መለጠጡን አቁሟል፤ ሥሩ ግን መጠጣቱን አላቆመም። ደርቆ ከቆየ በኋላ ብዙ ውኃ ሲያገኝ ውስጡ ያብጥና ሽፋኑን ይተረትረዋል። ሁለት አማራጭ አለዎት። አንደኛው፣ ራሱን በሁለት እጅዎ ይዘው ሩብ ዙር ያህል ማዞር ነው፤ ከሥሩ ከፊሉ ስለሚበጠስ የሚጠጣው ውኃ ይቀንስና ለጥቂት ቀናት በማሳው ይቆይልዎታል። ሁለተኛው፣ የጠነከሩትን ነገ ከውጭ ቅጠላቸው ጥቂት ጋር ቆርጦ ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የተሰነጠቁትን ዛሬውኑ ይሽጧቸው ወይም ይብሏቸው፤ ጣዕማቸው አልተለወጠም፣ አይሰነብቱም እንጂ።

ወረኢሉ (ጥር 17)

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ መደብ ጎመኑ ሲነሣ መልሶ ጎመን እንዳይገባበት። በጎረቤቴ ማሳ ጎመን በጎመን ላይ ሲተካ ኖሮ ሥሩ እንደ ዝንጅብል እያበጠ፣ ቀን ቀን ቅጠሉ ጠውልጎ ማታ እያገገመ፣ በመጨረሻ ምንም ሳይጠቀልል ቀርቷል። ፌጦም ጓሮ ውስጥ ይዘራል፤ እርሱስ ከዚህ ወገን ነው ወይስ አይደለም?

ዕፅዋት ወዳጅ (ጥር 17)

ጋሼ፣ ፌጦም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የገለጹት የሥር እብጠት በሽታ ይመስላል፤ ተዋሲው በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚቆይና አሲዳማ አፈር ስለሚስማማው፣ ኖራ መጨመርና ለረጅም ጊዜ ከጎመን ወገን ያልሆነ ሰብል ማፈራረቅ ያስፈልጋል። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ድንች ይቻላል። ኮስታም ይሆናል፤ ብዙ ሰው ከጎመን ይቆጥረዋል እንጂ ወገኑ ከቀይ ሥር ጋር ነው። ከዚያ ማሳ ችግኝም ሆነ በጫማ የተጣበቀ ጭቃ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ይጠንቀቁ።

የቦሩ ሜዳዋ (የካቲት 6)

ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ። ዛሬ 101ኛ ቀኑ ነው። ጥር 20 ገደማ ሁሉም ማለት ይቻላል ቋጠሮ ጀመሩ፤ ዛሬ በሜትር ስለካቸው፣ እናቴ ብዙም ያልቀነጠሰችበት የዳሩ ረድፍ በአማካይ 14 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ለማድ ቤቱ በር የሚቀርበው ረድፍ ግን 9 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። መደቡ አንድ፣ ውኃው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከበሩ በመራቅና በመቅረብ መጥቷል። እናቴ ይህን አይታ ስቃለች፤ እጇን ግን ሰብስባለች። በሁለት ጎመን ልብ ውስጥ ክሽክሽ አግኝቼ በሳሙና ውኃ አጥቤአለሁ። የዳሩን ረድፍ ስጫነው ገና ይሰረጎዳልና መቁረጥ አልጀመርኩም።

ከስድስቱ የአበሻ ጎመኖች አራቱን ከነለጋ አገዳቸው ቀቅለን በልተናቸዋል። ሁለቱ ቢጫ አበባቸውን ጨርሰው ዘር እያንጠለጠሉ ስለሆነ ተውናቸው፤ ዘራቸው ምጣድ ማሰሻ እንደሚሆን እናቴ ከወዲሁ አስታውቃለች።